ከዓመታት በፊት የተዋጠ ክኒን ዛሬ ሲያስጨንቅ

ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዋይት ሐውስ መግለጫ ሰጥተው ነፍሰ ጡር ሴቶች ፓራሲታሞል እንዳይወስዱ መከሩ፤ መድኃኒቱንም ከኦቲዝም ጋር አያያዙት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክሩ የተነገረው ዛሬ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ነው። እሷ ቢያንስ ሐኪሟን ጠይቃ ልትወስን ትችላለች። ከ10 ዓመት በፊት የወለደች፣ በእርግዝናዋ ትኩሳት ሲይዛት ክኒን የዋጠች እናት ግን የምትወስነው ነገር የላትም። የዋጠችውን አትመልሰውም። የቀራት ወደ ኋላ ሄዶ መቁጠር ብቻ ነው፤ ስንት ቀን ወሰድኩ? በስንተኛው የእርግዝና ወር ላይ ነበርኩ?

እንዲህ ያለው ስጋት የእናቶች ብቻ አይደለም። ለወገብ ሕመም ለወራት አይቡፕሮፌን ሲወስድ የነበረ ሰው ኩላሊቱን ይጠራጠራል። ለጨጓራዋ ለዓመታት ኦሜፕራዞል የተጠቀመች ሴት የሰው ስም በጠፋባት ቁጥር የመርሳት በሽታ ጀመረኝ ብላ ትደነግጣለች። በተማሪነቱ እንቅልፍ ሲያጣ የአለርጂ ክኒን ይውጥ የነበረውም እንዲሁ። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ የተገዛ መሆኑ ደግሞ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። የተወሰደው መጠን የትም አልተመዘገበም፤ ውሳኔውን የሚጋራ ሐኪም የለም፤ «በገዛ እጄ» የሚል ጸጸት ብቻ አለ።

ይህን ስጋት ለሌላ ሰው የሚያዋይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ወይ «ምንም አትሆንም፣ ተወው» የሚል ማባበያ ነው፣ ወይ ከመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተገለበጠ ረጅም የጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር። ሁለቱም አይጠቅሙትም። ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው መቼ ነው? እየተወሰደ ሳለ ነው ወይስ ካቆሙት ከዓመታት በኋላ? የወረቀቱ ዝርዝር ይህን አይለይም፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ሁሉንም ወደፊት እንደሚጠብቀው አደጋ አድርጎ ያነበዋል።

ፓራሲታሞልን እንይ። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበቃዋል፤ በማግስቱ ከሰውነት ወጥቶ አልቋል ማለት ይቻላል። ጉበት አብዛኛውን ጉዳት በሌለው መንገድ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል። ጥቂቱ፣ ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው፣ ወደ መርዛማ ውህድ ይቀየራል፤ ይህንንም ጉበት ውስጥ ያለ ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ወዲያው ያከሽፈዋል። አደጋው የሚመጣው ግሉታታዮን ሲያልቅ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ክኒን ሲዋጥ፣ ወይም በቀን ከ4 ግራም በላይ (ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ከ8 ክኒን በላይ) ለቀናት ሲወሰድ ያልቃል፤ አልኮል አብዝቶ በሚጠጣና በቂ ምግብ በማያገኝ ሰው ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ያኔ የጉበት ህዋሳት ይሞታሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው። ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ሐኪሞች ኤን አሲቲልሲስቲን የተባለውን ማርከሻ በ8 ሰዓት ውስጥ ሊሰጡት የሚሯሯጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ የተረፈ ሰው ጉበት የሞቱትን ህዋሳት ይተካል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሙሉ በሙሉ ያገግማል። እንግዲህ ከዓመታት በፊት ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ያዘወትር የነበረ ሰው «ጉበቴ በዝግታ እያለቀ ይሆን?» ብሎ ሲፈራ፣ ፍርሃቱ መድኃኒቱ ከሚጎዳበት መንገድ ጋር አይገጥምም።

አስፕሪንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌት የተባሉ ህዋሳት ሥራ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ያግዳል፤ ዕድሜያቸው ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ በአዲሶች ሲተኩ ተጽዕኖው አብሮ ያበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፣ የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋንም ከፍ ያደርጋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በ2015 ስለ ልብና ስትሮክ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ያጠናከረው አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭምር ሊመጣ እንደሚችል በመግለጽ ነው። ጥናቶቹ ከፍ ያለውን አደጋ ያዩት በዋነኝነት መድኃኒቱን በዚያው ወቅት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነበር። ቀድሞ ወስዶ ለተወ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአደጋው ወቅት አልፏል።

ፌኒልፕሮፓኖላሚን የተባለው ደግሞ በጉንፋን መድኃኒቶችና በክብደት መቀነሻ ክኒኖች ውስጥ ይገኝ ነበር። በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለክብደት መቀነሻነት የወሰዱት ሴቶች ላይ ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳዩ፤ ኤፍዲኤም በዚያው ዓመት አምራቾች ከገበያ እንዲያወጡት ጠየቀ። ከገበያ የወጣ መድኃኒት ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «የወሰደው ሁሉ ተጎድቷል» የሚል ነው። ጥናቱ የመዘነው ግን ደም ከመፍሰሱ በፊት በነበሩት 3 ቀናት ውስጥ መድኃኒቱ መወሰዱን ነበር። በ1998 የዋጠ ሰው ዛሬ ምንም የሚጠብቀው ቀሪ ዕዳ የለበትም።

ሁሉም መድኃኒት እንዲህ ነው ብሎ መናገር ግን ውሸት ይሆናል። ያለ ማዘዣ ከተሸጡት መካከል ዘላቂ ጉዳት በማድረስ ስሙ የተመዘገበው ፌናሴቲን ነው። የፓራሲታሞል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ከአስፕሪንና ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። በ1950ዎቹ የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ይህን ድብልቅ በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የኩላሊት መበላሸትን አስተዋሉ። በኋላም ከሽንት ቱቦና ከኩላሊት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ተረጋገጠ፤ አሜሪካ በ1983 ከገበያ አስወጣችው። እዚህ ላይ መጠኑን ማየት ያስፈልጋል። የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በየቀኑ፣ ለብዙ ዓመታት የወሰዱ ነበሩ፤ ተደምሮ በኪሎግራም የሚቆጠር። አልፎ አልፎ ለራስ ምታት የወሰደ ሰው በዚያ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ደግሞ አይቡፕሮፌንንና መሰሎቹን በከፍተኛ መጠን ለዓመታት በየቀኑ የወሰደ፣ በተለይም ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ቀድሞ የነበረ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱን መጠራጠሩ ተገቢ ነው። የኩላሊት መድከም ለረጅም ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል «ምንም አልተሰማኝም» ማለት አይበቃም። ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ ማጽናኛ አይደለም፤ ምርመራ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስጨንቀው ግን ዜና ነው። የራኒቲዲን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ለአሥርተ ዓመታት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የጨጓራ አሲድ ለመቀነስ ወሰዱት። በ2019 ኤንዲኤምኤ የተባለ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚገመት ውህድ ተገኘበት፤ በኤፕሪል 2020 ኤፍዲኤ ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ክሶች ተከተሉ፤ በ2024 አንዱ ትልቅ አምራች ወደ 80,000 የሚጠጉ ክሶችን ለመዝጋት እስከ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህን ያነበበ የቀድሞ ተጠቃሚ ነገሩ ተረጋገጠ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የክስ ስምምነት የሳይንስ ማስረጃ አይደለም፤ አምራቹም ስምምነቱ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ ገልጿል። ሰፋፊ ጥናቶች ራኒቲዲን የወሰዱትን ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ከወሰዱት ጋር ሲያነጻጽሩ በአጠቃላይ የካንሰር ጭማሪ አላገኙም።

የማስጠንቀቂያው ልክ ራሱ የተሰራበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በቀን የሚፈቀደው የኤንዲኤምኤ መጠን 96 ናኖግራም ነው። ይህ ቁጥር የተሰላው አንድ ሰው ያንን መጠን በየቀኑ ለ70 ዓመት ቢወስድ ከ100,000 ሰው መካከል በአንድ ሰው ላይ ተጨማሪ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል በሚል ግምት ነው። ከዚህ ልክ ማለፍ ማለት መድኃኒቱ በገበያ ላይ መቆየት የለበትም ማለት ነው፣ ተቆጣጣሪዎቹም ይህን ማድረጋቸው ትክክል ነበር። አንድን መድኃኒት ለማገድ የሚበቃ ምክንያትና አንድን ሰው ታሟል ለማለት የሚበቃ ምክንያት ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ተቆጣጣሪው የሚያስበው ስለ ሚሊዮኖች ነው፤ ከሚሊዮኖች መካከል ጥቂት ሰዎችን ለማዳን ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንዱ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ለራሱ እንደተላከ ፍርድ ያነበዋል።

የመርሳት በሽታ ስጋትም ከጥናት ዜና የመጣ ነው። በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,434 ሰዎችን በአማካይ ለ7 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ አሲቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚያግዱ መድኃኒቶችን አብዝተው የወሰዱት ላይ የመርሳት በሽታ በርክቶ አገኘ። ለአለርጂና ለእንቅልፍ የሚሸጠው ዳይፈንሃይድራሚን ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አብዝተው የወሰዱ የተባሉት በ10 ዓመት ውስጥ ከ3 ዓመት የየቀኑ አወሳሰድ ጋር የሚተካከል መጠን ያለፉት ናቸው። ጥናቱ የተካሄደው በአረጋውያን ላይ ነው። በ2019 የወጣ ሰፊ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ከነዚህ መድኃኒቶች መካከል ለድብርት፣ ለፓርኪንሰንና ለሽንት ፊኛ የሚታዘዙትን ከመርሳት በሽታ ጋር ሲያያይዝ በአለርጂ መድኃኒቶች ላይ ግን ትርጉም ያለው ጭማሪ አላየም። በ20ዎቹ ዕድሜው ለጥቂት ወራት የወሰደ ሰው በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ ራሱን አያገኝም።

በነዚህ ጥናቶች ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ብዬ እመኛለሁ። አንዳንድ በሽታዎች ገና ከመታወቃቸው ከዓመታት በፊት ቀላል የሚመስል ምልክት ያሳያሉ። የመርሳት በሽታ አስቀድሞ እንቅልፍ ሊያዛባ ይችላል፤ የጨጓራ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ቃር ሊመስል ይችላል። ሰውየው ለእንቅልፉ ወይም ለቃሩ መድኃኒት ይገዛል። ከዓመታት በኋላ በሽታው ሲታወቅ መዝገቡ የሚለው «መድኃኒቱን ወሰደ፣ ከዚያ ታመመ» ነው። እውነታው ግን በተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ ወደ መድኃኒቱ የወሰደው ገና ያልታወቀው በሽታ ነው። በ2016 ኦሜፕራዞልን ከመሰሉ መድኃኒቶች ጋር የመርሳት በሽታን ያገናኘ የጀርመን ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ግን 17,000 የሚያልፉ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ የዚሁ ወገን የሆነውን ፓንቶፕራዞል፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ሰጥቶ ወደ 3 ዓመት ሲከታተል፣ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነበር። በዕጣ መክፈል ያንን ወጥመድ ስለሚዘጋው ለእኔ ይህ ውጤት ከብዙ ዜናዎች ይበልጥ ይመዝናል።

ወደ እናቶቹ ስንመለስም እዚያው ላይ እንደርሳለን። በ2024 የወጣው የስዊድን ጥናት ከ1995 እስከ 2019 የተወለዱ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን መዝገብ አይቷል። መጀመሪያ ልጆቹ በደፈናው ሲነጻጸሩ በእርግዝና ፓራሲታሞል ከወሰዱ እናቶች በተወለዱት ላይ በጣም ትንሽ የኦቲዝም ጭማሪ ታየ። ከዚያ ወንድምና እህት እርስ በርስ ተነጻጸሩ፤ አንዱን ስታረግዝ የወሰደች፣ ሌላውን ስታረግዝ ያልወሰደች እናት ልጆች። ያኔ ጭማሪው ጠፋ። እናትየዋ አንዲት ናት፣ የዘር ውርሱም ቤቱም የጋራ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ክኒኑ ቢሆን ኖሮ እዚህም መታየት ነበረበት። ከትራምፕ መግለጫ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትም ግንኙነቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። በእርግዝና ላይ ያልታከመ ከፍተኛ ትኩሳት ደግሞ ራሱ ጉዳት አለው። ያቺ እናት ያደረገችው ለልጇ አስባ ነው፤ በተሰጣትም ምክር ልክ ነበረች።

ይህን ሁሉ አንብቦ የማይረጋጋ ሰው አለ፤ እሱን ችላ ማለት አይገባም። በ1986 ፖል ሳልኮቭስኪስና ሂላሪ ዋርዊክ የተባሉ ተመራማሪዎች የጤና ጭንቀት ለምን እንደማይለቅ ሲያስረዱ ያነሱት ነገር ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው። የተጨነቀ ሰው ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ማረጋገጫው ለጥቂት ሰዓት ያሳርፈዋል፤ ከዚያ «ሐኪሙ በደንብ ባይሰማኝስ? ምርመራው ቢያልፈውስ?» የሚል ጥርጣሬ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይጠይቃል። ያለፈ መድኃኒት ለዚህ አዙሪት በጣም ይመቻል። አሁን የሚሰማ ሕመም ወይ ይድናል ወይ ይታወቃል። «ያኔ ተጎድቼ ቢሆንስ?» የሚለው ግን መቼም ሙሉ መልስ አይገኝለትም፤ ካለፈው ጊዜ ላይ ማስረጃ መሰብሰብ አይቻልምና። ስለዚህ ፍለጋው ማቆሚያ የለውም።

አካልም በዚህ ውስጥ ይገባል። ጉበቱን የሚያስብ ሰው ከቀኝ ጎድኑ ሥር ያለችውን እያንዳንዷን ስሜት መስማት ይጀምራል፣ ቦታውንም ደጋግሞ ሲጫነው እውነትም ያመዋል። ስሜቱ የውሸት አይደለም፤ ምንጩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በ2020 የወጣ አንድ የብሪታንያ ጥናት ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቆሙ 60 ሰዎችን ወስዶ፣ አንዳንድ ወር ስታቲን፣ አንዳንድ ወር ማስመሰያ ክኒን፣ አንዳንድ ወር ደግሞ ምንም ሳይሰጥ ለአንድ ዓመት የሚሰማቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ አደረገ። በስታቲን ወራት ከተሰማቸው ሕመም ከመቶ 90 የሚሆነው ባዶው ክኒን ሲሰጣቸውም ተሰማቸው። ሰዎቹ አልዋሹም። ጉዳት መጠበቅ ብቻውን አካልን ያሳምማል።

የዚህን ጭንቀት ክብደት የሚያቃልሉ ሰዎች ሌላ የስዊድን ጥናት ቢመለከቱ መልካም ነው። በ2023 መጨረሻ የወጣው ይህ ጥናት ከባድ የጤና ጭንቀት እንዳለባቸው በሐኪም የተመዘገቡ ሰዎች ከሌላው ሰው ቀድመው እንደሚሞቱ፣ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸውም ወደ 4 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። ስለዚህ «ዝም ብለህ ነው» ብሎ መገላገል አደገኛ ነው። ሕክምናው አለ፤ ይሠራልም። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በ444 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2014 የወጣው ጥናት፣ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ ላይ ያተኮረ አጭር የንግግር ሕክምና የጤና ጭንቀትን እንደሚቀንስና ጥቅሙ ለዓመታት እንደሚዘልቅ አረጋግጧል። ሕክምናው ሕመምተኛውን «ጤነኛ ነህ» ብሎ ለማሳመን አይሞክርም። መጠየቅን፣ አካልን መፈተሽን፣ ስለ በሽታ ማንበብን ቀስ በቀስ እንዲቀንስና ጥርጣሬው እያለም መኖር እንዲችል ያለማምደዋል።

ታዲያ ምርመራስ? አንድ ጊዜ፣ በደንብ የታሰበበት ምርመራ ተገቢ ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የመድኃኒቱን ስም፣ በቀን ስንት እንደተወሰደ፣ ለስንት ወር ወይም ዓመት እንደቆየ፣ መቼ እንደቆመ በግምትም ቢሆን ጽፎ መያዝ ንግግሩን ያሳጥረዋል። ለረጅም ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ለወሰደ ሰው የክሬአቲኒን የደም ምርመራ፣ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት ልኬት ስለ ኩላሊቱ ብዙ ይናገራሉ። የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለዓመታት ለወሰደ ሰው ሐኪሙ ቫይታሚን ቢ12 እና ማግኒዚየምን ሊያይ ይችላል፤ ከጎደሉ መተካት ይቻላል። ከመመርመሩ በፊት ግን ከሐኪሙ ጋር አንድ ነገር መስማማት ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ደህና ከሆነ ምን እናደርጋለን? «እዚህ ላይ እናቆማለን» የሚል ስምምነት ከሌለ ደህና ውጤት ለቀጣዩ ምርመራ መነሻ ከመሆን አያልፍም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ላቆመ ሰው ነው። ዛሬም እየወሰደ ያለ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ በእሱ ላይ ጊዜው አላለፈም። ተራ የሕመም ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኮዴይን (ሱስ ሊያስይዝ የሚችል ማስታገሻ) ያለበትን ወይም የተለያዩ መድኃኒቶች የተደባለቁበትን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ የወሰደ ሰው የራስ ምታቱ ከራሱ ከመድኃኒቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሲያቆም ሕመሙ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊብስ እንደሚችል ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ይሻላቸዋል። ኮዴይን የለመደ ሰው በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር። አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን እየወሰደ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሰገራ ያየ ወይም ደም ያስመለሰው ሰው፣ እንዲሁም ፓራሲታሞል ከተፈቀደው በላይ የወሰደና ገና ምንም ያልተሰማው ሰው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።